አሮጌ የጌም ካሴት አልሰራ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

የቆዩ ካሴቶች የምትሰበስቡ ሰዎች በመጀመሪያ አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ ካሴቱ አልነሳ ሲላችሁ ወዲያው ሞቷል ብላችሁ እንዳትጥሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ጌሙ ያለበት ቺፕ ምንም አልሆነም፣ የቆሸሸው ፒኑ (ካሴቱን ከኮንሶሉ፣ ማለትም ከጌም ማጫወቻው ጋር የሚያገናኘው ብረት) ነው።

ቲቪው ባዶ፣ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም

ይሄ አሜሪካ ውስጥ በ1985 የወጣው ግራጫው ኒንቴንዶ (ኤንኢኤስ) ላይ የሚታይ ነው። ኮንሶሉ ውስጥ አንድ ካሴቱ ውስጥ አንድ የመቆለፊያ ቺፕ አለ፣ ሁለቱ ካልተግባቡ ኮንሶሉ ራሱን በየሰከንዱ ገደማ ሪሴት ያደርጋል፣ መብራቱም የሚያብለጨልጨው ለዛ ነው። የማይግባቡት ፒኖቹ ስለቆሸሹ ወይ የኮንሶሉ ባለ 72 ፒን ማገናኛ ስለላላ ነው። ለመለየት ሌላ ካሴት ሞክሩ፣ እሱም እምቢ ካለ ጣጣው ከኮንሶሉ ነው።

ካሴቱ ከሆነ ደሞ 90 ፐርሰንትና ከዛ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በጥጥ እንጨት ነክራችሁ ፒኖቹን ጥጡ ጥቁር ማውጣት እስኪያቆም ጥረጉ፣ በደንብ ሳይደርቅ አትክተቱት። አልኮሉ ስቲከሩን እንዳይነካው፣ ቀለሙን ያበላሸዋል። እና እባካችሁ እፍ አትበሉበት! ከአፍ የሚወጣው እርጥበት ፒኑን ይበላዋል፣ ያኔ እፍ ስንል የሰራልን አውጥተን መልሰን ስለከተትነው ነው።

ጌሙ ይሰራል ግን ሴቭ አያደርግም

ባትሪው አልቋል። ብዙ የቆዩ ካሴቶች ሴቩን የሚይዙት በ3 ቮልት ክብ ባትሪ ነው፣ ኤንኢኤስ ላይ ብዙ ጊዜ ሲአር2032፣ ፖኬሞን ጎልድና ሲልቨር የሚባሉት የጌምቦይ (በእጅ የሚያዘው የኒንቴንዶ ማጫወቻ) ጌሞች ላይ ሲአር2025፣ እነዚህ ሁለቱ ውስጣቸው ሰዓት ስለሚቆጥር ባትሪያቸው ቶሎ ያልቃል። ሲከፈት የአብዛኛው የኒንቴንዶ ካሴት ቪቴ በተራ ካቻቢቴ አይፈታም፣ 3.8 ሚሊሜትር የሚባለው ልዩ ጫፍ ያስፈልጋል። አዲሱን ባትሪ እግር (ቦርዱ ላይ የሚበየድ ቀጭን ብረት) ያለው ግዙ፣ እግር የሌለው ባትሪ ላይ በቀጥታ መበየድ አደገኛ ነው፣ ሊፈነዳ ይችላል። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን አሮጌውን ሳታወጡ ፎቶ አንሱት።

ባትሪው ገና ሳያልቅ የምትቀይሩት ከሆነ ግን ስታወጡት የነበረው ሴቭ አብሮ ይጠፋል፣ ቀድማችሁ በካርትሪጅ ሪደር (ካሴቱን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ መሳሪያ) ኮምፒውተር ላይ ገልብጡት። እኔ ይሄን ሳላውቅ የልጅነቴን ሴቭ አጥፍቻለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ፎርጅድ ይሆን እንዴ?

ስቲከሩ ደብዛዛ ከሆነ፣ ሴቭ እያደረጋችሁ የሚጠፋ ከሆነ፣ ዋጋውም ከሚገባው በታች ከሆነ ጠርጥሩ። ስቲከር ማንም ያትመዋል፣ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን የቦርዱን (ካሴቱ ውስጥ ቺፖቹ ያሉበት ሰሌዳ) ፎቶ ጠይቁት፣ አላሳይም ካለ ተዉት። የጌምቦይ ኦርጅናል ቦርድ ላይ ኒንቴንዶ የሚል ጽሁፍ ታትሞበታል፣ በፎርጅዱ ላይ ብዙ ጊዜ በቺፑ ቦታ ጥቁር የደረቀ ጠብታ ታገኛላችሁ። ጠብታው ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፣ አንዳንድ ኦርጅናል የፋሚኮም (የኤንኢኤስ የጃፓን ስሪት) ካሴቶችም ውስጥ አለ።

በተለይ ለ1990ው የጌም ውድድር የተሰራው ኒንቴንዶ ወርልድ ቻምፒዮንሺፕስ የሚባለው ብርቅ ካሴት አለኝ የሚል ሰው ከመጣ ቀስ በሉ፣ የሚታወቀው 90 ግራጫና 26 ወርቃማ ብቻ ነው የወጣው፣ ፎርጅዱ ግን ሞልቷል።

ፕላስቲኩ ቢጫ ሲሆን

ብዙ ጊዜ ፀሀይ ነው፣ ከብርሃን አርቁት። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማንጣት ይቻላል፣ ብርቅ ካሴት ላይ ግን እኔ አልሞክረውም፣ ሰብሳቢ ቢጫውን ይታገሳል፣ የተነካካን አይታገስም።