ሪሌዩ አልነሳ ወይም አልጠፋ ሲል፦ የ555 ታይመር ችግርና መፍትሄ

ሰርኪዩቱ በተን ሲነካ ሪሌዩን (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) አንስቶ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ የሚያጠፋ ነው። ክፍሎቹ እነዚህ ናቸው፦ 12 ቮልት ዲሲ፣ ጊዜውን የሚቆጥረው ኤንኢ555 አይሲ፣ ባለ 1 ሜጋ ኦህም ፖቴንሽዮሜትር (ተለዋዋጭ ሬዚስተር) ከ10 ኪሎ ኦህም ሬዚስተር ጋር በተከታታይ፣ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ቢሲ547 ትራንዚስተር፣ ኮይሉ (የሽቦ ጥቅልሉ) 400 ኦህም የሆነ ባለ 12 ቮልት ሪሌይ። ሪሌዩ ተነስቶ የሚቆይበት ጊዜ 1.1 × ኦህም × ፋራድ ስለሆነ ከ1 እስከ 111 ሰከንድ ገደማ ይሄዳል።

ምንም ነገር ከመንቀልዎ በፊት በተኑን ነክተው የ555ቱን 3ኛ እግር (ውጤቱ የሚወጣበትን) ከግራውንድ (ከኔጋቲቩ) አንጻር ይለኩ። 10.5 ቮልት ገደማ ከወጣ ታይመሩ ደህና ነው፤ ጥፋቱን ከትራንዚስተሩ በኩል ይፈልጉ።

3ኛው እግር ላይ ቮልቴጅ ይወጣል፣ ሪሌዩ ዝም ይላል

ብዙውን ጊዜ ትራንዚስተሩ ተገልብጦ ነው። ቢሲ547 ጠፍጣፋ ፊቱ ወደ እርስዎ፣ እግሮቹ ወደ ታች ሆነው ከግራ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኢሚተር ነው፤ ፒኤን2222 የዚህ ተቃራኒ ነው። ከ3ኛው እግር ወደ ቤዝ 2.2 ኪሎ ኦህም ያስገቡ። በኮይሉ ላይ የሚታሰረው 1ኤን4007 ዳዮድ ነጭ መስመሩ ወደ ፖዘቲቭ ይዙር። ከተገለበጠ ትራንዚስተሩ ይቃጠላል፤ ከሌለም ኮይሉ ሲጠፋ የሚፈጥረው ከፍተኛ ቮልቴጅ ይገድለዋል።

ሰዓቱን ሲያስረዝሙት ሪሌዩ አይጠፋም

አብዛኛው ሰው አይሲውን ይቀይራል፤ በከንቱ። 555 የሚያቆመው ካፓሲተሩ የ12 ቮልቱን ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 8 ቮልት ሲደርስ ነው። በ1 ሜጋ ኦህም ያን ጊዜ የሚገባው ከረንት 4 ማይክሮአምፔር ብቻ ነው። ከአሮጌ ቴሌቪዥን የተፈታ ካፓሲተር ያንኑ ያህል ሊያፈስ ስለሚችል 7 ቮልት ላይ ተገትሮ ይቀራል። አዲስ ባለ 25 ቮልት ይግጠሙ። እስከ 50 ሰከንድ የሚበቃዎት ከሆነ ፖቴንሽዮሜትሩን ወደ 470 ኪሎ ኦህም ማውረዱ ይሻላል። ካፓሲተሩን ብቻ ማሳደግ አያዋጣም፤ የሚያፈሰውም አብሮ ያድጋል።

አንድ ወጥመድ አለ፦ ርካሹ ቢጫ መልቲሜትር ውስጡ 1 ሜጋ ኦህም ነው። ፖቴንሽዮሜትሩ ጫፍ ላይ እያለ ካፓሲተሩን በእሱ ከለኩ ቮልቴጁ ከ6 አያልፍም፤ ጤነኛውን ሰርኪዩት ያቆመው መለኪያው ራሱ ነው። መጀመሪያ ወደ 100 ኪሎ ኦህም ያውርዱት።

በተኑ ከሰዓቱ በላይ ተይዞ ቢቆይም ሪሌዩ አይጠፋም። በበተኑና በ2ኛው እግር (ታይመሩን በሚያስጀምረው) መካከል 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር፣ ከሁለቱም ወገን 10 ኪሎ ኦህም ሬዚስተር ወደ ፖዘቲቭ ያስገቡ፤ 2ኛው እግር ላይ 1ኤን4148 ዳዮድ፣ ነጭ መስመሩ ወደ ፖዘቲቭ።

ጠፍቶ ወዲያው ተመልሶ ይነሳል

የሪሌዩ የኤሌክትሪክ ረብሻ ነው። በ8ኛውና በ1ኛው እግር መካከል፣ አይሲው አጠገብ፣ 100 ናኖፋራድ፤ 5ኛው እግር ከግራውንድ 10 ናኖፋራድ። የኢሚተሩን ግራውንድ በራሱ ሽቦ እስከ ፓወር ሰፕላዩ ይውሰዱት።

ኃይል ሲገባ ሳይነካ ይነሳል

4ኛውን እግር (ታይመሩን የሚያግደውን) በ10 ኪሎ ኦህም ወደ ፖዘቲቭ፣ በ47 ማይክሮፋራድ ወደ ግራውንድ ያገናኙ።

አይሲው ይግላል

ከፖቴንሽዮሜትሩ ጋር በተከታታይ የሚገባው የ10 ኪሎ ኦህሙ ሬዚስተር ተረስቷል። ፖቴንሽዮሜትሩ ዜሮ ሲደርስ 7ኛው እግር (ካፓሲተሩን የሚያራግፈው) በቀጥታ 12 ቮልት ላይ ይውላል። ሬዚስተሩን አስገብተው አይሲውንም ይቀይሩ፤ አንዴ ከተጎዳ አይታመንም።