ምግብ ቀይሮ «ስድስተኛ ስሜት» ለመክፈት ሲሞከር የሚሠሩ ስህተቶች

ሀሳብ አነባለሁ፣ የሚመጣውን አያለሁ የሚሉ ሰዎች ስለ አመጋገባቸውም ማውራት ይወዳሉ። ስጋ ከተውኩ ወዲህ ነው፣ ስጾም ነው የሚገለጥልኝ ይላሉ። ምግብ አእምሮን መንካቱ ሐሰት አይደለም። ከዚያ ተነስቶ ትንቢት ላይ መድረስ ግን ሌላ ነገር ነው።

አንደኛው ስህተት የተሰማንን እንዳወቅነው መቁጠር ነው። ምግብ ለረጅም ጊዜ ሲቀር ጉበት ከስብ ኬቶን የሚባል የኃይል ምንጭ ያመርታል፤ አንጎልም በእሱ መሥራት ይጀምራል። አንዳንዱ ያኔ ጭንቅላቱ የጠራ ይመስለዋል። የደም ስኳር ከመጠን በላይ ከወረደ ደግሞ ሰው ሊቃዥ ይችላል። ስሜቱ እውነት ነው፤ ተገልብጦ የተቀመጠ ካርድ ላይ ያለውን ግን አይነግርም።

ሁለተኛው የፈተናውን ቀዳዳ አለማየት ነው። ስድስተኛ ስሜትን ያጠና የነበረው ተመራማሪ ጆሴፍ ራይን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ፣ እያንዳንዳቸው ከ5 ምልክቶች አንዱ ያለባቸውን 25 ካርዶች እያስገመተ ሰዎችን ፈትኗል። ካፌይን ውጤት እንደሚያሻሽል፣ ሶዲየም አሚታል የተባለ ማስተኛ መድኃኒት ደግሞ እንደሚቀንስ ጽፏል። ደስ የሚል ግኝት ነው! ችግሩ፣ ከቀደሙት ካርዶች አንዳንዶቹ ከጀርባም ምልክታቸው ይታይ ነበር። ቡና ያነቃው ሰው ፍንጭ አያመልጠውም፤ የደነዘዘው ያመልጠዋል። ሌላ ተአምር አያስፈልግም።

ዕድልም አለ። ምልክቶቹ 5 ስለሆኑ በግምት ብቻ በአማካይ 5 ካርድ ይገኛል። 100 ሰው ቢፈተን አራት አምስቱ 9 ወይም ከዚያ በላይ ያገኛሉ። እነሱን ጠርቶ «ቁርስ ምን በላችሁ?» ማለት ከንቱ ነው። አመጋገቡ አስቀድሞ ይወሰን፤ ግምቱም መልሱ ሳይታይ ይጻፍ።

ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል የስጦታ ቁልፍ ማድረግም አለ። ፒተር ብሩገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ዶፓሚን የሚጨምረውን ሌቮዶፓ የተባለ መድኃኒት የወሰዱ፣ በእንዲህ ያለ ስጦታ የማያምኑ ተጠራጣሪዎች እውነተኛ ፊትና ቃል ከተዘበራረቀ ምስልና ፊደል የመለየት ብቃታቸው ቀነሰ እንጂ አልጨመረም።

አንጎል ውስጥ ስላለው፣ «ሦስተኛ ዓይን» ስለሚባለው ፓይኒል እጢ ብዙ አልልም። የታወቀው ሥራው ሜላቶኒን የተባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን ማመንጨት ነው።

የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ነው፦ የጤና ምልክትን ስጦታ ማለት። ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ሙሉ በሙሉ ትቶ ቫይታሚን ቢ12 የማይተካ ሰው የነርቭ ችግር፣ አንዳንዴም ቅዠት ሊደርስበት ይችላል። ጉበት ቫይታሚኑን ለዓመታት ስለሚያከማች ጉድለቱ ዘግይቶ ይመጣል፤ ባለቤቱም ከምግቡ ጋር አያገናኘውም። አዲስ ድምፅ መሰማት ከጀመረ ሐኪም ጋ ሄዶ ደም መመርመር ይቅደም። የታዘዘ መድኃኒትንም «ስጦታዬን ዘጋብኝ» ብሎ በራስ ውሳኔ ማቆም አደገኛ ነው።