ቁጥር ይዞ መለኪያ ጥሎ፦ በቴክኖሎጂ ክርክር ላይ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንዱ «20 ሺህ ፓወር ባንክ ነው፣ ስልኬን አራቴ ይሞላል» ይላል። ሌላው «የኔም ያው 20 ሺህ ነው፣ ሦስቴ ሞልቶ ጸጥ አለ፤ ሸውደውናል» ብሎ ይመልሳል። ሃምሳ መልእክት ይጻጻፋሉ። መሐል ላይ ቻይናም ትሰደባለች፣ የመርካቶ ነጋዴም ይሰደባል። አንድም ሰው ስለ ቮልቱ አልጠየቀም።

ሚሊአምፕን ያለ ቮልት መጥራት

በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው 20,000 ሚሊአምፕ (ሙሉ ስሙ ሚሊአምፔር ሰዓት) የውስጡ ባትሪ በ3.7 ቮልት የሚይዘው ነው። ስልካችሁ ግን በዩኤስቢ የሚቀበለው በ5 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ነው። ቮልቱ ከፍ ሲል ሚሊአምፑ ይወርዳል፤ ማንም አልሰረቀውም። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ዋት ሰዓት፣ ማለትም ባትሪው ወደያዘው ጠቅላላ ኃይል፣ ቀይሩት። 20 አምፔር ሰዓት በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ነው። ይህ በ5 ቮልት ሲሰላ 14,800 ሚሊአምፕ ይሆናል። ቮልቱን የሚያሳድገው ሰርኪዩት ደግሞ ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህሉን ሙቀት አድርጎ ያባክነዋል፤ 15 በመቶ ብንል የሚተርፈው 63 ዋት ሰዓት ነው። 5,000 ሚሊአምፕ የሚይዝ የስልክ ባትሪ በ3.85 ቮልት 19 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። 63ን ለ19 አካፍሉት፤ ሦስት ጊዜና ጥቂት። ሦስቴ ሞልቶ ጸጥ ያለው ፓወር ባንክ እንግዲህ ጤነኛ ነው። «አራቴ» ያለውም ሰው ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ ስልኩ 20 በመቶ ሲደርስ እየሰካ ይሆናል።

ሐቀኛ አምራች ከጀርባው በደቃቅ ፊደል ሁለተኛ ቁጥር ያስቀምጣል፣ «ሬትድ ካፓሲቲ» የሚለውን፤ ለስልካችሁ በእርግጥ የሚያወጣው ማለት ነው። 20,000 በሚለው ዕቃ ላይ 12,000 ወይም 13,000 ብታነቡ አትደንግጡ። የሚያስደነግጠው ጭራሽ ሳይጻፍ ሲቀር ነው።

ለእውነተኛው ማጭበርበር ሚዛን ይበቃል። ክብ የሆነው የተለመደው የሊትየም ባትሪ፣ 18650 የሚባለው፣ አንዱ ፍሬ 45 ግራም ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ይመዝናል። ጥሩው ዓይነት የሚይዘውም እስከ 3,500 ሚሊአምፕ ነው። «50,000» የተባለ ፓወር ባንክ ቢያንስ 15 ፍሬ ያስፈልገዋል፤ ይህ ያለ ሽፋኑ ወደ 700 ግራም ነው። በእጃችሁ ያለው ዕቃ 250 ግራም ከመዘነ ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ። ፈትታችሁ ለማየት ግን አትሞክሩ፣ የተበሳ ሊትየም ባትሪ እሳት ነው።

ይኸው ስሌት ከዱባይ ወይም ከጂዳ ለሚመጣ መንገደኛም ያስፈልገዋል። የአውሮፕላን ደንብ የሚቆጥረው ዋት ሰዓትን ነው። እስከ 100 ዋት ሰዓት በእጅ ሻንጣ ይፈቀዳል፣ ከ100 እስከ 160 አየር መንገዱን ማስፈቀድ ይጠይቃል፣ ከዚያ በላይ ክልክል ነው። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ደግሞ ትንሹም አይገባም። 100 ዋት ሰዓት ማለት በ3.7 ቮልት 27,000 ሚሊአምፕ ነው። «50,000» የሚል የውሸት ጽሑፍ የተለጠፈበትን የሚይዝ ፈታሽ የሚያነበው ጽሑፉን ነው፤ 185 ዋት ሰዓት ብሎ ያስቀረዋል። በውሸቱ ሁለት ጊዜ ኪሳራ ደረሰባችሁ ማለት ነው።

ሜጋዋትንና ጊጋዋት ሰዓትን ማምታታት

ይህ ከስልክ ወደ ፖለቲካ ሲሻገር ነው ጉድ የሚፈላው። ዋት የቧንቧው ፍሰት ነው፤ ዋት ሰዓት ሮቶው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ነው። ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ሲባል 13ቱ ተርባይኖች በአንድ ላይ በሙሉ አቅም ሲዞሩ የሚሰጡት ነው። ይህን በዓመት ሰዓታት ሁሉ የሚያባዛ ሰው ከ45,000 ጊጋዋት ሰዓት በላይ ያገኝና ይፎክርበታል። በዕቅድ የተያዘው የዓመት አማካይ ምርት ግን ወደ 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ነው፤ አንድ ሦስተኛ ገደማ። ተቃራኒው ደግሞ ይህን ይዞ «አያችሁ፣ 5,150 ውሸት ነው» ይላል። ሁለቱም ስተዋል። ተርባይን የሚሰቀለው ብዙ ኃይል በሚፈለግበት ሰዓትና ውሃ በሚተርፍበት ወቅት እንዲያገለግል ነው፤ የዓመቱን ጠቅላላ ምርት የሚወስነው ዓባይ በዓመት የሚያመጣው ውሃ ነው። በዓለም ላይ ያለ የውሃ ኃይል ማመንጫ ሁሉ ከዚህ ሕግ አይወጣም፤ ልዩነቱ በመጠን ነው።

በኤሌክትሪክ መኪናም ያው ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለው መኪና በተራ የቤት ሶኬት፣ 220 ቮልት በ10 አምፔር፣ 2.2 ኪሎዋት ብቻ ያገኛል። ከባዶ ለመሙላት ከ27 ሰዓት በላይ፣ ብክነቱ ሲታከል 30 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በ7 ኪሎዋት የግድግዳ ቻርጀር ግን ከ9 እስከ 10 ሰዓት ይበቃዋል። «በአንድ ሌሊት ይሞላል» እና «በሁለት ቀን አይሞላም» የሚባባሉት ሁለት ሰዎች ስለ ሁለት ሶኬት ነው የሚያወሩት።

ስለሚሄድበት ርቀት ስትከራከሩ ደግሞ ቁጥሩ የየትኛው ፈተና እንደሆነ ጥቀሱ። ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች የሚጠቀሙት ሲኤልቲሲ የሚባለውን ነው፤ ከአውሮፓው ደብሊውኤልቲፒ ይልቅ ለጋስ ነው። ያው መኪና በሁለቱ ፈተና ሁለት የተለያየ ኪሎሜትር ይወጣለታል። ዳገቱንም አትርሱ፦ 1,700 ኪሎ የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ 2.8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሄደውና ከአዳማ የተመለሰው ሰው አንድ ዓይነት መልስ አይሰጧችሁም። የቻይና ገበያ መኪና መሰኪያው ጂቢቲ እንጂ የአውሮፓው ሲሲኤስ ሁለት እንዳልሆነም ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ።

ቢትና ባይት። «100 ሜጋ ኢንተርኔት ከፍዬ 12 ሜጋ ብቻ ያወርድልኛል» የሚለው ሰው ምንም አልጎደለበትም። የሚሸጥለት ሜጋቢት ነው፣ ስልኩ የሚያሳየው ሜጋባይት ነው፤ ለ8 ያካፍል።

ዩኤስቢ-ሲ ሁሉ አንድ ነው ማለት

ዩኤስቢ-ሲ የመሰኪያው ቅርጽ ስም ነው እንጂ የፍጥነትም የኃይልም ስም አይደለም። አይፎን 15 እና አይፎን 15 ፕሮ አፋቸው አንድ ነው፤ ተራው በሴኮንድ 480 ሜጋቢት፣ ፕሮው እስከ 10 ጊጋቢት ያስተላልፋል። በፕሮው ሳጥን ውስጥ ያለው ገመድ ራሱ 480ውን ብቻ የሚችል ነው፤ ስለዚህ «ፕሮውም ቀርፋፋ ነው» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የገመዱ ጥፋት ነው። 67 ዋት የሚል ቻርጀርም የሌላ ኩባንያ ስልክ ላይ ሲሰካ በጋራ የሚግባቡበት ቋንቋ ካጣ ወደ 10 ዋት ሊወርድ ይችላል። ቻርጀሩን ከመሳደባችሁ በፊት «ፒዲ» የሚል፣ ማለትም ያ የጋራ ቋንቋ፣ እንዳለበት እዩ።

ዋጋን ያለ ታክስና ያለ ቀን ማወዳደር

የአሜሪካ ዋጋ የሽያጭ ታክስ አልተጨመረበትም። የአውሮፓውና የእስራኤሉ ተጨምሮበታል፤ ጀርመን 19 በመቶ፣ እስራኤል ከጃንዋሪ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 18 በመቶ። በ«200 ዶላር» የተገኘው ስልክ ከቴሌኮም ውል ጋር የታሰረ ሊሆን ይችላል፤ የታሰረ ስልክ አገር ቤት ሲደርስ ሲም አይቀበልም። አሜሪካ የተሸጠ አይፎን 14 እና ከዚያ ወዲህ ያለው ደግሞ የሲም ማስገቢያ የለውም፣ በኢሲም፣ ማለትም በስልኩ ውስጥ በተሠራ ሲም፣ ብቻ ነው የሚሠራው። ይህን ሳይናገር «እዚህ ርካሽ ነው» የሚል ዘመድ ምክሩ ግማሽ ነው። በብር ስታወዳድሩ ደግሞ ቀኑን ጻፉ፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊትና በኋላ ያለ ዋጋ፣ የምንዛሬ ሥርዓቱ ከተቀየረ ወዲህ፣ አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጥም።

ዓመቱን ሳይለዩ መጥቀስ

ይህ የእኛ ብቻ ስህተት ስለሆነ ልዩ ፍቅር አለን። «የ2016ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ» ብሎ አንዱ ይጽፋል። እሱ የሚያስበው በኦክቶበር 2016 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም በመስከረም 2009 ዓ.ም. የታወጀውን ነው። መላሹ የሚያስበው ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ ምክር ቤቱ ለአራት ወር ያራዘመውን ነው። ሁለት ሰዓት ይሰዳደባሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው፤ ወሩን ካልጻፋችሁ አንባቢው የትኛውን እንደሚቀንስ አያውቅም። ሰዓትም እንዲሁ ነው። የአፕል ዝግጅት በካሊፎርኒያ ጠዋት በ10 ሲጀምር፣ እነሱ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት የገፉበት ወቅት ከሆነ አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ ሰዓታቸውን ሲመልሱ 3 ሰዓት ይሆናል። «8 ሰዓት ላይ» ብሎ የጻፈ ሰው ግማሹን ተከታይ ከምሳ በኋላ ያስጠብቀዋል።

ረቂቁን ሕግ፣ ሕጉን እገዳ ብሎ መጥራት

ማርች 2024 እ.ኤ.አ. ላይ የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ስለ ቲክቶክ የቀረበውን ረቂቅ ሕግ ሲያጸድቅ «ቲክቶክ አሜሪካ ውስጥ ተዘጋ» ተባለ። አልተዘጋም። ሕግ ሆኖ የተፈረመው ኤፕሪል 24 ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን ያጸናው ጃንዋሪ 17 ቀን 2025 ነው፤ መተግበሪያው በማግስቱ ሌሊት ጠፍቶ በ19 ተመለሰ፣ በ20 ትራምፕ አፈጻጸሙን ለ75 ቀን አዘገዩት። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሕጉ ቅጣት የጣለው መተግበሪያውን በሚያከፋፍሉና በሚያስተናግዱ ድርጅቶች ላይ እንጂ በተጠቃሚው ላይ አልነበረም።

የእኛውም እንዲሁ ነው። «የሚኒስትሮች ምክር ቤት አጸደቀ» ሲባል አዋጁ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተመራ ማለት ነው፤ ገና ይሻሻላል። ከጸደቀ በኋላም ክርክር የሚቆረጠው በነጋሪት ጋዜጣ በታተመው ቃል ነው፣ በዜና አንባቢው አይደለም። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ ስለ ነዳጅ መኪና የተነገረውም የሚመለከተው ወደ አገር ማስገባቱን ነበር፤ «መንዳት ተከለከለ» ብሎ ያሰራጨው ሰው ብዙ ሰው አስደንግጧል። ብዙ ተከታይ ያላችሁ ደግሞ አስቡበት፦ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱ ይከብዳል።

እገዳው ማንን እንደሚመለከት አለመጠየቅም ከዚሁ ይመደባል። ሁዋዌ በሜይ 2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የንግድ ሚኒስቴር ዝርዝር ውስጥ ሲገባ «ሁዋዌ ስልክ ሊዘጋ ነው» ተባለ። ቀድሞ የወጣው ፒ30 ከነጉግሉ ቀጠለ፤ ያለ ጉግል የመጣው በሴፕቴምበር የወጣው ሜት 30 ነው።

የተቀሩት አጭር ናቸው። 5ጂ ኮሮናን አመጣ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሞገድ ለማስረዳት አትድከሙ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፣ 5ጂ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ግንቦት 2014 ዓ.ም. ነው። 200 ሜጋፒክስል ካሜራ በተለመደው አነሳስ 16 ነጥቦችን ወደ አንድ አዋህዶ 12.5 ሜጋፒክስል ፎቶ ነው የሚሰጣችሁ፤ በቁጥሩ አትፎክሩ። 128 ጊጋ ዲስክ ኮምፒውተር ላይ 119 ብሎ ቢታይ አምራቹ በ1,000፣ ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥሩ ነው። በርካሽ የተገኘ «2 ቴራ» ፍላሽ ግን ሌላ ነው፤ ኮምፒውተሩን እንዲዋሽ ተደርጎ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ የሚያሳየውን መጠን አትመኑ። በትልልቅ ፋይሎች እስኪሞላ ጻፉበት፣ ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት፣ መጨረሻ ላይ የገባውን ፋይል ከፍታችሁ እዩ።