የሕዝብ እርጅናን ከዕድገትና ከካርቦን ልቀት ጋር ስናጠና ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ግንቦት በገባ ቁጥር ስድስት ኪሎ አካባቢ ባለችው ክፍሌ የመመረቂያ ጽሑፎች ይቆለላሉ፤ የሕዝብ እርጅና በኢኮኖሚ ዕድገትና በካርቦን ልቀት ላይ ያለውን ተጽዕኖ የሚመረምሩትም እየበዙ መጥተዋል። ጸሐፊዎቹ ትጉሃን በመሆናቸው ያንኑ ስህተት ደግሜ ሳነብ ከልብ ይቆጨኛል።

ከሁሉ የሚከፋው ሁለት መስመሮች አብረው ስለተጓዙ ብቻ አንዱን የሌላው መንስኤ ማድረግ ነው። አንድ ተማሪዬ የጃፓንን መረጃ ይዞ «ሕዝብ ሲያረጅ ልቀት ይቀንሳል» ብሎ ደምድሞ መጣ። ግራፉን ዘርግተን እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2013 ባለው ክፍል ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። በእነዚያ ዓመታት የአረጋውያን ድርሻ ሲጨምር ልቀቱም ጨምሯል፤ ምክንያቱም ከፉኩሺማ አደጋ በኋላ የኑክሌር ማመንጫዎች ተዘግተው የድንጋይ ከሰልና የተፈጥሮ ጋዝ ተተኩባቸው። ከ2013 ወዲህ ደግሞ የአረጋውያኑ ድርሻ ማደጉን ሳያቋርጥ ልቀቱ ወረደ። ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ነገር መውጣቱንም መውረዱንም ብቻውን እንዴት ያስረዳል? ስለዚህ እርጅናው ወደ ልቀቱ የሚደርስበት መንገድ ይጻፍ፤ ወደ ሥራ የሚመላለሰው ሰው ሲያንስ የነዳጅ ፍጆታ ይቀንሳል፣ አንድ አረጋዊ ብቻቸውን አንድ ቤት ሲያሞቁ ግን የነፍስ ወከፍ የኃይል ፍጆታ ይጨምራል።

ጠቅላላ ምርቱን ብቻ አይቶ «ጃፓን ቆማለች» ማለትም ስህተት ነው፤ ምርቱ በሥራ ዕድሜ ላይ ላሉት ሲካፈል ዕድገቷ ከአሜሪካ ጋር ይቀራረባል።

የጥገኝነት ምጣኔን፣ ማለትም የልጆችና የአረጋውያን ቁጥር በሥራ ዕድሜ ላይ ላሉት ሲካፈል የሚገኘውን፣ እንደ እርጅና መለኪያ አትውሰዱ። በኢትዮጵያ 65 ዓመት የሞላቸው ከመቶ አምስት እንኳ አይሞሉም፤ ጥገኛ ተብለው ከሚቆጠሩት አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። ዕድሜም ሲጠየቅ ብዙ ሰው 60 ወይም 65 እያለ ስለሚያጠጋጋ በእነዚህ ቁጥሮች ላይ የሚታየውን ክምችት ሳያስተካክሉ መጠቀም አይገባም።

የዘመን አቆጣጠሩን ነገር በራሴ አውቀዋለሁ። ጀማሪ ሳለሁ የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ውጤትን እ.ኤ.አ. ከ1999 የልቀት መረጃ ጎን አስቀምጬ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፍኩ፤ ቆጠራው የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2007 በመሆኑ ምዕራፉን ከነሠንጠረዡ እንደ አዲስ ለመጻፍ ተገደድኩ። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ስለሚጀምር አንዱ ዓመት በሁለት የፈረንጅ ዓመታት ላይ ያርፋል፤ አከፋፈሉ በየሠንጠረዡ ግርጌ ይገለጽ።