ጣሊያንን ያለ መኪና፦ ሻንጣችንን ቦሎኛ አስቀመጥነው

የመጀመሪያው ዕቅዴ በሰባት ቀን አምስት ከተማ፣ አምስት ሆቴል ነበር። ባለቤቴ ወረቀቱን አይታ «ሻንጣ ልናስጎበኝ ነው እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ሁሉንም ሰርዤ ቦሎኛ ከተማ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ አንድ ሆቴል ያዝኩ። ፍሎረንስ በፈጣኑ ባቡር 40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሞዴናና ራቬና በአካባቢው ባቡር ደርሶ መልስ ይሆናሉ። የፈጣኑን ቲኬት ቀደም ብሎ የገዛ በርካሽ ያገኘዋል፤ የአካባቢው ዋጋ ስለማይለዋወጥ የዚያኑ ዕለት ይበቃል። የአካባቢው ቲኬት የወረቀት ከሆነ ግን ሳይሳፈሩ ጣቢያው ውስጥ ባለችው ትንሽ ማሽን ማኅተም ማስመታት ግድ ነው፤ ያለዚያ ቅጣት አለ።

አንድ ጊዜ ብቻ ሮጠናል። የቦሎኛ ፈጣን ባቡሮች ከ16 እስከ 19 ባሉት መስመሮች የሚቆሙት ከመሬት በታች ነው፤ ተንቀሳቃሽ ደረጃው ቢወርዱት ቢወርዱት አያልቅም። ከዚያ ወዲህ 15 ደቂቃ ቀድመን እንገባ ነበር።