ባንኩ የቤት ብድር ሲከለክል ምን ይደረጋል? አሜሪካ ውስጥ ቤት ለመግዛት ላሰቡ

አሜሪካ ውስጥ የቤት ብድር የተከለከለ ሰው ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ሌላ ባንክ ደጅ ይቆማል። ወዳጅ ዘመድም የሚመክረው ይህንኑ ነው፦ «እኔን ያበደረኝ ጋ ሂድ፣ ምንም አላስቸገሩኝም።» ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገላብጧል። የመጀመሪያው ባንክ ያየውን ጉድለት ሁለተኛውም ያየዋል። መጀመሪያ ጉድለቱ ምን እንደሆነ በወረቀት ማወቅ፣ ከዚያ ማስተካከል፣ ሌላ ባንክ ማንኳኳት ከዚያ በኋላ ነው።

1. ውል ፈርመው ከሆነ ቀብድዎን ያድኑ

ብዙ የቤት ግዢ ውሎች ገዢው ብድር ካላገኘ ውሉ እንዲፈርስና ቀብዱ እንዲመለስ የሚፈቅድ አንቀጽ አላቸው። አንቀጹ ግን ቀነ ገደብ አለው፤ ቀኑ ካለፈ ቀብዱ ለሻጩ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ መከልከልዎን በሰሙበት ዕለት ለደላላዎ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የባንኩን ደብዳቤም ያያይዙ። ስልክ ደውሎ መናገር አይበቃም። ከሌሎች ገዢዎች ጋር ሲፎካከሩ ያንን አንቀጽ ከውሉ አስወጥተው ከሆነ ዛሬውኑ ጠበቃ ያማክሩ።

2. ምክንያቱን በጽሑፍ ይቀበሉ

በፌዴራሉ የእኩል ብድር ዕድል ሕግ መሠረት ባንኩ የተሟላ ማመልከቻ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔውን ማሳወቅ አለበት። ደብዳቤው የክልከላውን ምክንያት ካልዘረዘረ እርስዎ በ60 ቀን ውስጥ መጠየቅ ይችላሉ፤ ባንኩም በ30 ቀን ውስጥ ይመልሳል። ምክንያቱ ግልጽ መሆን አለበት። «የውስጥ መስፈርታችንን አላሟሉም» ወይም «ነጥብዎ አልበቃም» የሚል መልስ ሕጉ እንደ ምክንያት አይቆጥረውም።

አንዳንድ የብድር ሠራተኞች፣ ለእርስዎ በማዘን ይሁን ለራሳቸው ቀላል ስለሚሆንላቸው፣ «ክልከላ ከሚመዘገብብዎ ማመልከቻዎን እርስዎ ራስዎ ያንሱ» ይላሉ። እኔ አልመክርም። የክልከላ ደብዳቤ የክሬዲት ነጥብዎን፣ ማለትም ዕዳ የመክፈል ታሪክዎን የሚለካውን ቁጥር፣ አይቀንስም፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው መብቶችም የሚመጡት ከእርሱ ጋር ነው።

ደብዳቤው ሲደርስ ለብድር ሠራተኛው ደውለው ሦስት ነገር ይጠይቁ። እንቅፋት የሆነው የባንኩ የራሱ ደንብ ነው ወይስ የብድሩ ዓይነት ደንብ? የወር ገቢዬን ስንት ብላችሁ አሰላችሁት? ምን ቢስተካከል ይፈቀድ ነበር? ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ነገር ያወጣል፤ እርስዎ በልብዎ የያዙት ገቢና ባንኩ የጻፈው ገቢ በጣም ተራርቀው ሊገኙ ይችላሉና።

3. ምክንያቱ ክሬዲት ከሆነ

ባንኩ የተጠቀመበትን የክሬዲት ሪፖርት ያዘጋጀው ድርጅት፣ ደብዳቤው በደረሰዎት በ60 ቀን ውስጥ ከጠየቁት፣ ቅጂውን በነጻ ይሰጥዎታል። ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉት ሦስት ሪፖርት አዘጋጅ ድርጅቶች የየራሳቸው መዝገብ ስላላቸው የሦስቱንም ያስመጡ። ባንኮች ከሦስቱ ነጥቦች መካከለኛውን ነው የሚይዙት።

ሪፖርቱን ሲያነቡ ከስምዎ ይጀምሩ። የአባታችን ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለሚመዘገብና አንዱ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በሁለትና በሦስት መንገድ ስለሚጻፍ፣ የሌላ ሰው ዕዳ በእርስዎ መዝገብ ውስጥ ሊገባ፣ የእርስዎም መልካም ታሪክ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ስህተት ካገኙ ለድርጅቱ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ መመለስ ግዴታው ነው። አቤቱታው ሳይዘጋ አዲስ ማመልከቻ አያስገቡ፤ ክርክር ላይ ያለ ሂሳብ ብድሩን ሊያዘገይ ይችላል።

ስህተት ከሌለና ነጥቡ በእውነት ዝቅ ያለ ከሆነ ቶሎ የሚስተካከለው የክሬዲት ካርድ ዕዳ ነው። 5,000 ዶላር ገደብ ባለው ካርድ ላይ 4,500 ዕዳ መያዝ፣ በየወሩ በሰዓቱ ቢከፍሉም እንኳ፣ ነጥብ ይጎትታል። ከ1,500 በታች ሲያወርዱት ለውጡ የካርዱ ባንክ የሚቀጥለውን መግለጫ ለሪፖርት አዘጋጆቹ ሲያስተላልፍ ይታያል። አበዳሪው ደግሞ የተከፈለውን ዕዳ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደገና የሚያስመዝንበት መንገድ አለው፤ እርስዎ በቀጥታ ማዘዝ ስለማይችሉ እርሱን ይጠይቁት።

በመንግሥት ዋስትና የሚሰጠው የኤፍኤችኤ ብድር የክሬዲት ነጥቡ 580 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሰው 3.5 በመቶ፣ ከ500 እስከ 579 ከሆነ ሰው ደግሞ 10 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ይቀበላል። ብዙ ባንኮች በዚህ ላይ የራሳቸውን ከፍ ያለ መስፈርት ይጨምራሉ። የከለከለዎት ያ ጭማሪ ከሆነ ሌላ ባንክ መሞከር ያኔ ትርጉም አለው።

4. ምክንያቱ ገቢ ከሆነ

በዚህ በኩል በብዛት የሚቸገሩት በኡበርና በታክሲ የሚሠሩ ወገኖቻችን ናቸው። ባንኩ የሚያየው ከተሳፋሪ የተሰበሰበውን አይደለም፤ በታክስ ሰነዱ ላይ ወጪ ሁሉ ተቀንሶ የቀረውን ነው። አብዛኛውን ጊዜም የሁለት ዓመት አማካይ ይወስዳል። ታክስ ሲሠራ ወጪው በዝቶ ግብሩ ሲቀንስ ደስ ይላል፤ ያው ወረቀት ባንክ ሲገባ ግን ድሃ ያደርግዎታል።

በአንድ ዓመት ምሳሌ እንየው። በ2024 አንድ ሹፌር 80,000 ዶላር ሰበሰበ። 40,000 ማይል ነዳ፤ በዚያ ዓመት የታክስ መሥሪያ ቤቱ በማይል 67 ሳንቲም ስለፈቀደ 26,800 ዶላር ተቀነሰለት። የኩባንያው ኮሚሽንና ሌሎች ወጪዎች 17,200 ዶላር ሆኑ። የቀረው 36,000፣ ማለትም በወር 3,000 ዶላር ነው። ይሁን እንጂ ከ67ቱ ሳንቲም 30ው የመኪናው እርጅና ማካካሻ ነው፤ ከኪስ የወጣ ገንዘብ ስላልሆነ ባንኩ መልሶ ሊደምረው ይችላል። 40,000 ማይል በ30 ሳንቲም 12,000 ዶላር ይሆናል፤ የወር ገቢው ከ3,000 ወደ 4,000 ከፍ አለ ማለት ነው። ፋይልዎን የመረመረው ሰው ይህንን ደምሮ እንደሆነ ይጠይቁ። ካልደመረ ክልከላው እንደገና እንዲታይ ለማመልከት በቂ ምክንያት አለዎት።

5. ምክንያቱ የቅድሚያ ክፍያው ምንጭ ከሆነ

ዕቁብ ደረሰዎት እንበል፤ 20,000 ዶላር በአንድ ቀን ሂሳብዎ ውስጥ ገባ። ባንኩ ቤት ለሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሁለት ወር የሂሳብ መግለጫ ይመለከታል። የቤት ብድሮችን ከባንኮች በሚገዛው በፋኒ ሜይ ድርጅት ደንብ ከወር ገቢዎ ግማሽ የሚበልጥ አንድ ተቀማጭ ትልቅ ስለሚባል፣ ገንዘቡ ለግዢው ካስፈለገ ምንጩ በሰነድ መረጋገጥ አለበት። «ዕቁብ ነው» ማለት አይበቃም፤ ጠያቂው ዕቁብ ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል።

ደስ የሚለው ነገር ደንቡ ራሱ ዕቁብን ያውቀዋል። የፋኒ ሜይ መመሪያ ሰዎች በጋራ የሚያዋጡትን የማኅበረሰብ ቁጠባ ለቅድሚያ ክፍያ ይፈቅዳል፤ የሚጠይቀው ገንዘቡን ከሚያስተዳድረው ሰው የጽሑፍ ማረጋገጫና እርስዎ በየጊዜው ማዋጣትዎን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ኤፍኤችኤም የግል የቁጠባ ክበብ ብሎ ይቀበለዋል፤ የሂሳብ መዝገቡን፣ ደረሰኞቹንና ክበቡ አሁንም እየሠራ መሆኑን የሚገልጽ የገንዘብ ያዡን ማረጋገጫ ጭምር ይፈልጋል። ስለዚህ የዕቁብ ሰብሳቢዎን ደብዳቤ ያጽፉ፤ ዕቁብ ሲጥሉም በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በቼክ ወይም በባንክ ዝውውር ያድርጉት። የብድር ሠራተኛው ግራ ከገባው የመመሪያውን አንቀጽ እንዲያይ ይንገሩት።

አንድ መዘዝ ግን አለው። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ገና የሚጥለው ቀሪ ዕቁብ እንደ ወርኃዊ ዕዳ ይቆጠርበታል። በወር 1,000 ዶላር የሚጥል ከሆነ ያ ሁሉ ብድሩን የመክፈል አቅሙን ይበላል። ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው መጨረሻ ላይ ቢደርሰው ይሻለዋል፤ የመጀመሪያውን ዕጣ ደግሞ ለሠርግ ለሚቸኩለው ይተውለት።

ገንዘቡን የዘመድ ስጦታ አስመስሎ የስጦታ ደብዳቤ ማስፈረም ግን ከቶ አይሞከር። በብድር ማመልከቻ ላይ አውቆ ሐሰት ማቅረብ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ቅጣቱም እስከ 30 ዓመት እስራት ይደርሳል። «የገቢ ወረቀት አሳምሬ እሠራልሃለሁ» ከሚል ደላላም ይራቁ።

6. ሌሎች ምክንያቶች

ለዘመድ መኪና ዋስ ሆነው ፈርመው ከሆነ ዕዳው እንደ እርስዎ ዕዳ ይቆጠራል። ዘመድዎ ከራሱ ሂሳብ 12 ወር ሳያቋርጥ በሰዓቱ መክፈሉን በባንክ መግለጫ ካሳዩ ግን ከስሌቱ ሊወጣ ይችላል። በጥሬ እየሰጠዎት እርስዎ የሚከፍሉለት ከሆነ አይሆንም፤ ከዛሬ ጀምሮ ራሱ ይክፈል።

የቤቱ ግምት ከዋጋው ካነሰ ችግሩ እርስዎ ጋ አይደለም። የግምቱን ቅጂ ማግኘት መብትዎ ነው፤ ገማቹ የተሳሳተ ስፋት ወይም የማይመሳሰሉ ቤቶች ተጠቅሞ ከሆነ እንደገና እንዲታይ ይጠይቁ፤ ካልሆነ ሻጩ ዋጋ እንዲቀንስ ይደራደሩ።

የመኖሪያ ፈቃድም ሊያግድ ይችላል። ከግንቦት 2025 መጨረሻ ጀምሮ ኤፍኤችኤ ቋሚ ነዋሪ ላልሆኑ ሰዎች የሚሰጠውን ዋስትና አቁሟል። ሥራ ፈቃድ ብቻ ያለዎት ከሆነ በፋኒ ሜይ ደንብ የሚሠራውን መደበኛ ብድር ይጠይቁ።

7. እንደገና ማመልከት

መጀመሪያ እዚያው ባንክ ያስተካከሉትን ሰነድ ይዘው እንደገና እንዲታይልዎት ይጠይቁ፤ ፋይሉ በእጃቸው ስላለ ብዙ ጊዜ ፈጣኑ መንገድ ይህ ነው። ሌሎች ባንኮችን ማወዳደር ካስፈለገ ማመልከቻዎቹን በ14 ቀን ውስጥ ያጠጋጓቸው፤ በነጥብ ስሌት እንደ አንድ ጥያቄ ይቆጠራሉ። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ ለገዢዎች የሚረዱ የየራሳቸው ፕሮግራሞች ስላሏቸው እነርሱንም ያጣሩ።

ብቻዎን ከከበደዎት የፌዴራሉ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ያጸደቃቸው አማካሪዎች በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ፋይልዎን ያዩልዎታል፤ በ800-569-4287 ሲደውሉ በአካባቢዎ ያለውን ይነግሩዎታል። የተከለከሉት በዘርዎ፣ በትውልድ አገርዎ ወይም በሃይማኖትዎ ነው ብለው ካመኑም ለዚሁ መሥሪያ ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከት ይችላሉ፤ የዚህ ስልክ 800-669-9777 ነው። ሲደውሉ የክልከላ ደብዳቤውን በእጅዎ ይያዙ፤ አመልካቹ ማን እንደሆነና ደብዳቤው መቼ እንደተጻፈ መጠየቅዎ አይቀርም።