ለላይብረሪ አዲስ መጽሐፍ ስትጠቁሙ እነዚህን ስህተቶች ተዉአቸው

ጎንደር ውስጥ መጽሐፍ የሚወድ ሰው ሞልቷል። ፒያሳ ላይ አዟሪው የታቀፈውን መጽሐፍ ገልበጥ ገልበጥ ሳያደርግ የሚያልፍ አንባቢ ብዙም አላይም። አዲስ ነገር ሲወጣም ወሬው በቴሌግራም ከመጽሐፉ ቀድሞ ይደርሰናል። ጥቆማውም ላይብረሪ ይደርሳል። መጽሐፉ ግን መደርደሪያ ላይ አይወጣም። ሁሌ የገንዘብ ችግር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ጥቆማው ራሱ ለሥራ አይመችም።

«አሪፍ ነው፣ አስገቡት» ብሎ መሄድ

ከሁሉም የበዛው ይሄ ነው። አንዱ ይመጣና ጠረጴዛው ላይ ክንዱን ጣል አድርጎ «እትዬ፣ ያ አዲሱ መጽሐፍ አልመጣም እንዴ? ኧረ ጉድ ነው!» ይላል። ላይብረሪያኗ ርዕሱን ስትጠይቀው ግማሹን ያስታውሳል። ደራሲውስ? «ያ እንኳን ቲቪ ላይ የቀረበው።» በዚህ ምን ታድርግ? ግዥ ለመጠየቅ ሙሉ ርዕሱ፣ የደራሲው ስም ከነአባቱ፣ የታተመበት ዓመት፣ ስንተኛ ዕትም እንደሆነ፣ ዋጋውና የሚሸጥበት ቦታ ያስፈልጋታል። አይኤስቢኤን የሚባለው ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ካለው እሰየው፤ እዚህ አገር የሚታተም ሁሉ ግን የለውም።

ይሄን ሁሉ መጻፍ ከሰለቻችሁ የፊት ሽፋኑንና የሕትመት መረጃው ያለበትን ገጽ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ላኩላት። ከዚያ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ማን ያነበዋል? «የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች እየጠየቁ ነው» ወይም «ልጅ ላላቸው እናቶች ይሆናል» ማለት ከአስር «ድንቅ ነው» ይበልጣል። እሷም በተራዋ ለአለቃዋ ማስረዳት አለባታ።

በሰኔ መጥቶ መጠየቅ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። ሰኔ ላይ ግዥ ክፍል የሚገኝ ሰው ሂሳብ ለመዝጋት ሲራወጥ ነው የሚገኘው፣ የእናንተን ልቦለድ የሚሰማበት ጆሮ የለውም። ጥቆማችሁ የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ሲሠራ ይድረስ። ዝርዝር ውስጥ ያልገባ መጽሐፍ በመሀል ማስገዛት ጣጣው ብዙ ነው።

ሌላም አለ። ብዙ ደራሲ መጽሐፉን በራሱ ገንዘብ አዲስ አበባ አሳትሞ በራሱ ያከፋፍላል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እዚህ ደርሶ አዟሪው እጅ ብታዩትም ላይብረሪው ከአዟሪ አይገዛም፣ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) እና ሕጋዊ ደረሰኝ ይጠየቃላ። ስለዚህ ደረሰኝ የሚቆርጥ መደብር ካወቃችሁ እሱን ጠቁሙ። ከመጽሐፉ ስም እኩል የሚጠቅም መረጃ ነው።

ገዝታችሁ በስጦታ ለመስጠት ካሰባችሁም ጠረጴዛ ላይ ጥላችሁ አትሂዱ። መጽሐፉ ንብረት ሆኖ የሚመዘገበው ሞዴል 19 በሚባለው የንብረት ገቢ ደረሰኝ ነው። ያ ካልተቆረጠለት ማኅተምም ቁጥርም ሳያገኝ ካርቶን ውስጥ ይከርማል። ትንሽ ታግሳችሁ አስመዝግቡት።

ሽፋኑ ስለተቀየረ አዲስ ነው ማለት

ድሮ የታተመ መጽሐፍ በአንጸባራቂ ሽፋን እንደገና ይወጣና ሰው «አዲስ ወጣ» ብሎ ይሯሯጣል። ላይብረሪው ውስጥ አሮጌው ዕትም፣ ጀርባው በፕላስተር ተይዞ፣ አቧራ ለብሶ ቁጭ ብሏል። ከመጠቆማችሁ በፊት የሕትመት ገጹን እዩ። «የመጀመሪያ ዕትም» የሚለው ዓመት ከሩቅ ከሆነ አዲስ አይደለም። ተሻሽሎ ምዕራፍ ከተጨመረበት ግን ያንን ለይታችሁ ንገሯት፣ ያኔ ለመግዛት ምክንያት አለ።

ዓመቱንና ስሙን ማምታታት

2017 ሲባል የማን 2017? የእኛ ከሆነ በፈረንጆች 2024 ወይም 2025 ነው። ኮምፒውተሩ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር የተመዘገቡ መጻሕፍት መሀል እንዲሁ «2017» ተብሎ የገባ አዲስ መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል። «የቅርብ ጊዜ መጻሕፍትን አሳየኝ» ሲባልም አይወጣም። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ጨርሱት፤ ሁለት ሴኮንድ ነው።

ስምም እንደዚያው። የእኛ ደራሲ የሚመዘገበው በራሱ ስም ነው፣ አባቱ ይከተላል። ኢንተርኔት ላይ አባቱን አስቀድመው የጻፉትን ገልብጣችሁ ብትልኩ መጽሐፉ በአባትዬው ስም ይጠፋል። ርዕሱንም ሽፋኑ ላይ በተጻፈበት ፊደል ጻፉት። እኛ ሀንና ሐን፣ ሰንና ሠን ብንቀያይር እንግባባለን። ኮምፒውተር ግን ድርቅ ይላል።

ፒዲኤፍ መላክ

«ለምን ትገዛላችሁ፣ ይኸው በነጻ» የሚል ደግ ሰው አይጠፋም። አብዛኛው ያለ ደራሲው ፈቃድ ስካን የተደረገ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ቀልድ አይደለም። ላይብረሪያኗን ችግር ውስጥ አታስገቧት። ደራሲውም ቢሆን ያችን መጽሐፍ ያሳተመው ምናልባት ተበድሮ ይሆናል።

ለአንባቢ ሁሉ አንድ መጽሐፍ ማዘዝ

እዚህ ላይ ላይብረሪያኖችም አሉበት። ጡረታ የወጡ ጋሼ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ሊያነቡ ይመጣሉ እንበል። ታሪክ ይወዳሉ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ አዲስ የታሪክ መጽሐፍ መጥቷል» ተብለው 600 ገጽ፣ ፊደሉ ደቃቃ፣ ወረቀቱ የወዲያኛውን ገጽ የሚያሳይ መጽሐፍ ይሰጣቸዋል። መነጽራቸውን ያወጣሉ፣ ይጠርጋሉ፣ መጽሐፉን ወደ መስኮቱ ያስጠጋሉ፣ ወዲያ ያርቁታል። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወደ ጋዜጣቸው። መጽሐፉ ምንም አላጠፋም። የሰጠው ሰው ግን ርዕሱን እንጂ የሰውዬውን ዓይን አላየም። ከመስጠታችሁ በፊት «ባለፈው ያነበቡትና የወደዱት ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙ። የፊደሉን መጠን እዩ። የዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ፈተና የደረሰበት ተማሪም ከሆነ አጭር ልብ ወለድ ስጡት፣ ባለሦስት ቅጹን ለክረምት ያቆየው።

ጎንደሬ ስለ ጎንደር ብቻ ያነባል ብሎ ማሰብ

ስለ ፋሲል የተጻፈ ሁሉ ወዲያው ለእኛ ይጠቆማል። ጥሩ ነው፣ አልጠላንም። ፋሲል ግቢ ውስጥ የቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት የሚባል ሕንፃ እያለ ታሪክ አንወድም ማለት አይቻልም። ግን አንባቢው ስለ ንግድ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ኮምፒውተርም ይጠይቃል። አዘዞ የሚኖር ልጅ የመርማሪ ልብ ወለድ ቢያምረው ምን ይገርማል?

መጨረሻውን መንገር

ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ብቻ አትንገሩ።

አስገዝቶ መጥፋት

ወራት ወትውታችሁ መጽሐፉ ተገዛ። ከዚያ እናንተ የላችሁም። ላይብረሪው የሚያየው መጽሐፉ ውስጥ የተለጠፈችውን የመመለሻ ቀን ወረቀት ነው። እሷ ባዶ ከሆነች በሚቀጥለው ዓመት የእናንተ ጥቆማ ሲነሳ አለቃው «ያኛውን ማን አነበበው?» ይላል። ቀድሞ የሚዋሰው የጠቆመው ሰው ይሁን፣ በቀኑም ይመልስ። ሲመልስም ጓደኛውን ይዞ ይምጣ፣ መጽሐፉ እዚያው በጓደኛው ስም ይውጣ።